ቀትር ላይ የሚጮኸው የቤንዚን ፓምፕ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የ1998 ሥሪት ቶዮታ ኮሮላ አለኝ። በጅማና በአጋሮ መካከል እመላለሳለሁ፤ አልፎ አልፎ ደግሞ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ጠዋት ምንም ድምፅ የላትም። ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ ሲበረታ፣ ከኋላ ወንበር ሥር የሚያጉረመርም ድምፅ ይጀምራል። ባለፈው ከአዲስ አበባ ስመለስ ከግቤ ወደ አበልቲ ዳገቱ ላይ ድምፁ ባሰበትና መኪናዋ ጠፋች። ግማሽ ሰዓት ያህል ካረፈች በኋላ ተነሣች። አንዱ መካኒክ ፓምፑ አልቋል፣ መቀየር አለበት አለኝ፤ ሌላው ደግሞ ሙቀት ነው፣ በዚህ ወር ሁሉም መኪና ይጮኻል አለኝ። ቤንዚን በወረፋ ስለሆነ ታንኩ ከሩብ ብዙም አያልፍም። የትኛውን ልመን?»

ለጊዜው ሁለቱንም አይመኑ። የመጀመሪያው ያልታመመ ዕቃ ሊያስቀይርዎ ይችላል፤ ሁለተኛው ደግሞ እውነተኛውን ሕመም እንዲንቁት ያደርግዎታል። እኔ ጅማ ውስጥ ቁልፍና ካቻቢቴ ይዤ ብዙ በጋ አሳልፌአለሁ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት «ፓምፔ ይጮኻል» ብሎ የሚመጣ ሰው አይጠፋም፤ ከእነዚህ መካከል ጥፋቱ የፓምፑ የራሱ ሆኖ የሚገኘው ባለመኪናው ከሚገምተው እጅግ ባነሰ ጊዜ ነው። የሚጮኸው ፓምፑ ነው፤ የሚያስጮኸው ግን ብዙውን ጊዜ ከእርሱ በፊት ያለው ነገር ነው፦ የሚጠጣው ቤንዚን፣ የሚጠጣበት ማጣሪያ፣ ታንኩ የሚተነፍስበት ክዳን።

የእርስዎ መኪና ፓምፕ የሚቀመጠው ታንኩ ውስጥ፣ ጋራዥ ውስጥ ሰልባትዮ የምንለው ውስጥ፣ በቤንዚን ተነክሮ ነው። ቤንዚኑ በሰውነቱ መካከል ያልፋል፤ ሲያልፍ ያቀዘቅዘዋል፣ ያለሰልሰዋልም። ይህ ፓምፕ ደግሞ ሞተሩ የሚፈልገውን ብቻ መጥኖ አይልክም። በዚህ ዓይነት መኪና ላይ ያለ ጤነኛ ፓምፕ በሰዓት ከ60 እስከ 100 ሊትር ይገፋል። ሞተሩ ግን በቆመበት ሲሠራ በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ፣ መንገድ ላይ ሲሆን ስድስት ወይም ሰባት ሊትር ቢጠጣ ነው። የተረፈው ሁሉ በጋለው ሞተር አጠገብ ዞሮ፣ ሙቀት ተሸክሞ፣ በመመለሻው ቱቦ ወደ ታንኩ ይወርዳል።

አሁን ሒሳቡን ይሥሩት። ታንክዎ 50 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ሩቡ 12 ሊትር ነው። ፓምፑ በሰዓት 80 ሊትር ቢገፋ ያ 12 ሊትር በሙሉ ከ10 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ አንድ ዙር ሞተሩ ጋ ደርሶ ይመለሳል ማለት ነው። ከጅማ አጋሮ እስኪደርሱ ድረስ ያው ቤንዚን ብዙ ጊዜ ተመላልሷል። ጀበና ውስጥ ጥቂት ቡና አስቀርቶ ደጋግሞ እንደ መጣድ ነው፤ ሙሉ ጀበና ለመሞቅ ጊዜ ይፈልጋል፣ ግማሽ ስኒ ግን ወዲያው ይንተከተካል። «ታንኩ ከሩብ አያልፍም» ያሉኝ ዓረፍተ ነገር ለእኔ ከድምፁ ይበልጥ ብዙ ነገር የነገረኝ ለዚህ ነው።

በዚህ ላይ ከፍታችን አለ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ እዚህ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ። ቤንዚንም በዚያው ሕግ ይገዛል። ደግሞም ቤንዚን አንድ ወጥ ነገር አይደለም፤ ቀላሉ ክፍሉ ገና በ35 እና በ40 ዲግሪ አካባቢ መትነን የሚጀምር የብዙ ነገሮች ድብልቅ ነው። ፓምፑ ሲስብ በአፉ ላይ ያለውን ግፊት ከአየሩም በታች ያወርደዋል። የሞቀው ቤንዚን እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ አረፋ ይሠራል፤ አረፋው ወደ ፓምፑ ገብቶ ግፊት ሲያገኘው ይፈነዳል። የሚሰሙት ማጉረምረም ይህ ነው። ለስላሳ ጠጥቶ የጨረሰ ልጅ ቀሰሙን ሲስብ የሚወጣውን ድምፅ ያስታውሱ፤ ቀሰሙ አልተበላሸም፣ የሚስበው ነገር ነው ግማሹ አየር የሆነው።

የግቤው ነገርም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ሸለቆው ውስጥ ሲወርዱ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ቤንዚኑ ይሞቃል። ከዚያ ወደ አበልቲና ወደ ሳጃ ሲወጡ ሞተሩ ይጨነቃል፣ ኮፈኑ ሥር ያለው ሁሉ ይግላል፣ ከፍታው ሲጨምር ደግሞ የአየሩ ግፊት ይቀንሳል። ታች የሞቀው ቤንዚን ላይ ሲደርስ ለመትነን የሚፈልገውን ሁሉ አግኝቷል። በዚያ ዳገት ላይ ሩብ ታንክ ይዞ መውጣት የጤነኛ ፓምፕን ድምፅ እንኳ ያሻክራል። ስለዚህ ሁለተኛው መካኒክዎ ግማሽ እውነት አለው። ይሁን እንጂ ሙቀት ብቻውን፣ ማጣሪያው ንጹሕ ሆኖ፣ ክዳኑ እየተነፈሰ፣ በቂ ቤንዚን እያለ፣ መኪና አያጠፋም። ሙቀት የሚያደርገው የተደበቀውን ጉድለት ማጋለጥ ነው።

ከሁሉ በፊት የሚጮኸው እውነት ፓምፑ መሆኑን ያረጋግጡ። የኋላ ጎማ ኩሽኔታም ያጉረመርማል፤ ነገር ግን ድምፁ ከፍጥነቱ ጋር ይለዋወጣል፣ መኪናው ሲቆም ዝም ይላል። የፓምፕ ድምፅ መኪናው ቆሞም ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ይቀጥላል። የኋላ ወንበሩን መቀመጫ አንሥተው እጅዎን እዚያ ባለው የፓምፑ ክዳን ላይ ቢያሳርፉ ንዝረቱ ይነግርዎታል። የድምፁን ዓይነትም ይለዩ። ቀጭን፣ የማይለዋወጥ፣ እንደ ንብ የሚያዜም ድምፅ ከሆነ በአብዛኛው ጤናማ ነው ወይም ገና እርጅናው እየጀመረ ነው። ጠጠር እንደሚያላምጥ ወፍጮ የሚሻክር፣ የሚጨምርና የሚቀንስ ከሆነ አየር ወይም ትነት እየጠጣ ነው። ወፍራምና ዘገምተኛ፣ እንደ ደከመ ሰው የሚያቃስት ከሆነ ደግሞ ወይ ኤሌክትሪክ አልደረሰውም፣ ወይ ከፊቱ ተዘግቶበታል። እርስዎ «የሚያጉረመርም» ነው ያሉት፤ እኔ ከሁለተኛው እመድበዋለሁ፤ ግን በጽሑፍ ድምፅ አይሰማምና አልምልም።

አሁን ያለ ምንም መሣሪያ የሚሠሩት ሙከራ አለ፤ እኔ ከብዙ መለኪያ አስበልጠዋለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ቀትር ላይ ድምፁ እንደጀመረ ወደ ማደያ ይግቡና ከ15 እስከ 20 ሊትር ይጨምሩ። የማደያው ቤንዚን ከመሬት ሥር ካለ ታንክ ስለሚወጣ ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ ሞተሩን አስነሥተው አምስት ደቂቃ ያዳምጡ። ድምፁ ከጠፋ ወይም በግልጽ ከለዘበ ፓምፑ ራሱ አልሞተም፤ ችግሩ ሙቀቱ፣ መጠኑና የሚስብበት መንገድ ነው። ጭራሽ ካልተለወጠ ግን ወደ ኤሌክትሪኩ፣ ወደ ግፊቱና ወደ ፓምፑ እርጅና እንሄዳለን። ወረፋው አስቸጋሪ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ለአዲስ ፓምፕ የሚያወጡት ገንዘብ ስንት ሊትር እንደሚገዛ አስበው አንድ ቀን ይሰለፉ።

ሁለተኛው ሙከራ የቤንዚን መሙያው ክዳን ነው። ታንኩ ቤንዚን ሲቀንስበት በምትኩ አየር ማስገባት አለበት፤ አለበለዚያ ውስጡ ባዶ ስበት ይፈጠርና ፓምፑ ከታንኩ ጋር ትግል ይገጥማል። ድምፁ በበረታበት ሰዓት መኪናውን ጥላ ሥር ያቁሙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ አጠገብዎ ሲጋራም ሆነ እሳት አለመኖሩን አይተው ክዳኑን ቀስ ብለው ይፍቱ። «ሽሽ» የሚል ድምፅ ከሰሙ ገና አይፍረዱ፤ የሞቀ ታንክ ትነት ወደ ውጭ ቢተነፍስ ያለ ነው። የሚፈለገው አቅጣጫው ነው። ከፌስታል ስስ ቁራጭ ቀድደው በጣትዎ ይዘው ከአፉ አጠገብ ያድርጉት፤ ወደ ውስጥ ከተሳበ ታንኩ ታፍኗል። ክዳኑን አላልተው ሞተሩን ሲያስነሡት ድምፁ ጠፍቶ ከቆየም ማስረጃው ያው ነው። በላላ ክዳን ግን መንገድ አይጀምሩ፤ ይህ ለማዳመጥ ብቻ ነው።

ይህን የምጽፈው ደጋግሜ ስላየሁት ነው። አንድ ደንበኛዬ ክዳኑ ተሰርቆበት ከገበያ ቁልፍ ያለው ክዳን ገዝቶ ገጠመ። በልኩ ይዘጋል፣ ያምራልም። ውስጡ ግን አየር የሚያስገባው ትንሽ ቫልቭ አልነበረውም። የመኪናው ሌላው መተንፈሻ፣ የቤንዚን ትነት በሚይዘው የከሰል ጣሳ በኩል የሚያልፈው ቱቦ፣ በአቧራ ተደፍኖ ነበርና ያ ክዳን ታንኩን እንደ ታሸገ ጠርሙስ አደረገው። እኔ ጋ ሲመጣ ሁለተኛውን አዲስ ፓምፕ አስገብቶ ነበር። ክዳኑን ስፈታ ታንኩ ራሱ «ጧ» ብሎ ወደ ቦታው ሲመለስ ሰማን፤ ቆርቆሮው ወደ ውስጥ ተስቦ ነበር። ሰውየው ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረም።

ሁለቱ ሙከራዎች ወደ ታንኩ ውስጥ ከመሩን የሚቀጥለው ማጣሪያው ነው። ሁለት ማጣሪያ አለ፤ ብዙ ሰው አንዱን ብቻ ያውቃል። ከኮፈኑ ሥር ያለው የብረት ፊልትሮ ከፓምፑ በኋላ ነው። ሌላው በፓምፑ አፍ ላይ እንደ ካልሲ የተገጠመው ወንፊት ነው፤ እርሱን ለማየት ፓምፑን ማውጣት ግድ ይላል። በዚህ ትውልድ ኮሮላ ላይ በአብዛኛው የኋላውን መቀመጫ አንሥቶ በፓምፑ ክዳን በኩል ይደረስበታል።

ባለፈው በጋ ያወጣሁትን አንዱን ልንገርዎ። ወንፊቱ አዲስ ሳለ ነጣ ያለ፣ ለስላሳ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ጨርቅ ነው። ያ ግን ከጀበና ግርጌ የተጠራቀመ የቡና አተላ ይመስል ነበር። በጣቴ ስጫነው አልታጠፈም። በንጹሕ ቤንዚን ሰሐን ውስጥ ሳጥበው መጀመሪያ የጅማ ቀይ አፈር ወጣ፤ ደቃቅ፣ እንደ በርበሬ። ቀጥሎ የጨርቅ ክር፣ ከዚያም ከፕላስቲክ የተፋቀ ቢጫ ቅርፊት። ባለቤቱ ቅርፊቱን አይቶ ሳቀ። ወረፋው ሲመረው ከመንገድ ዳር በቢጫ ጀሪካን የሚሸጠውን ይገዛ ነበር፤ ቤንዚኑ በተቆረጠ የውኃ ጠርሙስ ሲንቆረቆር የጠርሙሱን አፍ አቧራ እንዳይገባ በጨርቅ ይሸፍኑታል። ቅርፊቱ የጀሪካኑ ነበር፣ ክሩ የጨርቁ።

እንዲህ ያለ ወንፊት ጠዋት ላይ አይጮኽም፤ ቀዝቃዛው ቤንዚን ተጎትቶም ቢሆን ያልፋል። በተደፈነ ወንፊት ግን ፓምፑ ሁልጊዜ አጥብቆ መሳብ አለበት፤ አጥብቆ ሲስብ በአፉ ላይ ያለው ግፊት ይወርዳል፤ ቀትር ላይ የሞቀው ቤንዚን በዚያ ዝቅተኛ ግፊት ይተናል። የእርስዎን መኪና ጠባይ፣ ጠዋት ዝምታ ቀን ጩኸት፣ ከዚህ የተሻለ የሚገልጽ ምክንያት አላውቅም። መንገድ ዳር ስለሚሸጠው ቤንዚን ሰዎች «ኬሮሲን ቀላቅለውበት ነው የሚጮኸው» ይላሉ። ኬሮሲን ሞተሩን ያስላል፣ ያስነክሳል፤ ግን ከቤንዚን ይልቅ የሚተነው በጭንቅ ነውና ለዚህ አረፋ ተጠያቂው እርሱ አይደለም። ተጠያቂው ቆሻሻው ነው፤ አንዳንዴም ከታች የሚተኛው ውኃ።

ወንፊቱ በአየር ተነፍቶ ወይም ታጥቦ ተመልሶ ይገጠም ከተባሉ እሺ አይበሉ። ዓይን የማያየው ደቃቅ አፈር ክሩ ውስጥ ይቀራል፣ በአየር ሲነፋ ደግሞ ይቀደዳል። የተቀደደ ወንፊት ከተደፈነው ይብሳል፤ አይጮኽም፣ አፈሩን ግን ቀጥታ ለፓምፑ ያጎርሰዋል። አዲሱ ውድ አይደለም። ታንኩ ግርጌ ላይ ደለል ካለም ታንኩ ሳይታጠብ አዲስ ወንፊት መግጠም ገንዘብ መጣል ነው።

ፓምፑ ከወጣ አይቀር ሁለት ትንንሽ ነገሮችን ያሳዩኝ ይበሉ። አንደኛው ፓምፑ የሚያርፍበት ጎሚኒ ነው። ከዚህ በፊት ፓምፕ የቀየረ ሰው ጎሚኒውን ረስቶት ወይም ጥሎት ከሆነ ፓምፑ ብረት በብረት ይነካካል፤ ያኔ ጤነኛው ፓምፕ ታንኩን ከበሮ ያደርገዋል። ይህን «ብልሽት» በአንድ ጎሚኒ ያዳንኩበት ቀን ደንበኛው ዋጋውን ሲሰማ ያታለልኩት መስሎት ነበር። ሁለተኛው ከፓምፑ ወደ ላይኛው የፓምፑ ክዳን የምትወጣው አጭር ቱቦ ናት። እርሷ ውስጧም ውጭዋም ቤንዚን ስለሚነካት ለዚያ የተሠራች መሆን አለባት። ተራ የቤንዚን ቱቦ በምትኩ ከገባ ውጭው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ይሰነጠቃል። ከዚያ ፓምፑ የገፋው ቤንዚን እዚያው ታንክ ውስጥ እየተረጨ ይንተከተካል፤ ድምፅም አለው፣ ግፊትም ያሳጣል።

ስለ ግፊት ካነሣን፣ ፓምፕ ይቀየር የሚል መካኒክ የግፊት መለኪያ ገጥሞ ቁጥር ሳያሳይዎ ኪስዎን አይክፈቱ። በዚህ ዘመን ባለ 1.6 ሊትር የኮሮላ ሞተር ላይ የቤንዚን ግፊት መቆጣጠሪያው የአየር ቱቦ ተነቅሎ ግፊቱ ከ2.65 እስከ 3.04 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) መሆን አለበት። ቱቦው ተመልሶ ሲገጠም በዝግታ በሚሠራ ሞተር ከ2.06 እስከ 2.55 ይወርዳል። ይህ ሁለተኛው ቁጥር እኛ ዘንድ ትንሽ ከፍ ብሎ ቢታይ አይደንግጡ፤ በከፍታችን ሞተሩ የሚፈጥረው ስበት ከባሕር ዳርቻው ያንሳል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ከ1.5 ባር በታች መውረድ የለበትም። ቶሎ ከወረደ ፓምፑ ውስጥ ያለው ወደ ኋላ የማያስመልሰው ቫልቭ፣ ያቺ አጭር ቱቦ፣ ወይም ቤንዚን ወደ ሞተሩ ከሚረጩት ኢንጀክተሮች የሚያንጠባጥበው አንዱ ነው። የጋለ መኪና ቆሞ ሲነሣ የሚያስቸግረውም ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው፤ ግፊቱ የተለየው ቤንዚን ቱቦው ውስጥ ይተናል።

መለኪያውን ጠዋት ብቻ ገጥመው ደህና ነው ቢሉዎት ዋጋ የለውም። ድምፁ በሚሰማበት ሰዓት ይገጠም። የአየር ቱቦው ተነቅሎ ጠዋት 2.9፣ ቀትር ላይ 2.2 ካነበበና መርፌው ከተንቀጠቀጠ የአረፋው ነገር ተረጋገጠ። ሁልጊዜ ከ3.04 በላይ ከሆነ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይዙሩ፤ የመመለሻው ቱቦ የሆነ ቦታ ተቆንጥጧል ወይም ተደፍኗል፣ ፓምፑ የሚያቃስተው ከግድግዳ ጋር እየተጋፋ ነው። የብረቱ ፊልትሮ ሲዘጋ ደግሞ ፓምፑ ጋ ግፊቱ ይጨምራል፣ መለኪያው ጋ ግን ያንሳል፤ ስለዚህ ከመለካት በፊት ፊልትሮውን ይቀይሩት። ሲቀየር የመዳብ ሮንዴላዎቹ አብረው አዲስ ይሁኑ፤ አሮጌው ሮንዴላ የጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ማንጠባጠብ ሲጀምር የፓምፕ ድምፅ ያስናፍቅዎታል።

ኤሌክትሪኩ አጭር ነው። ፓምፑ እየሠራ ሳለ በቴስተር ባትሪው ላይ ይለኩ፣ ቀጥሎ ፓምፑ ሶኬት ላይ ይለኩ። ባትሪው 14 ቮልት አሳይቶ ፓምፑ ጋ 13 ከደረሰ ያልፋል። 11 ወይም 11.5 ከሆነ መንገድ ላይ የጠፋውን ይፈልጉ፤ የሪሌው እግር፣ ሶኬቱ፣ በተለይም ከቦዲው ጋር የታሰረው ኔጋቲቭ። በዝናብ አገር የምንኖር ሰዎች ነን፤ ያ ብሎን አረንጓዴ ለብሶ ብዙ ጊዜ አግኝቼዋለሁ። ይህም በሙቀት ይብሳል፤ የመዳብ ሽቦ በየአንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ገደማ ተቃውሞው ይጨምራልና 40 ዲግሪ የጨመረ ሽቦ ወደ 16 በመቶ ይደርሳል።

መኪናዋ ዳገቱ ላይ መጥፋቷን ግን ለብቻው ላንሣው። ድምፁና መጥፋቱ አብረው ስለመጡ አንድ በሽታ ናቸው ብለው አይደምድሙ። በዚህ ሞተር ላይ የካንዴላውን ብልጭታ የሚፈጥሩት ኮይሉና ኢግናይተሩ፣ ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ወይም አጠገቡ ናቸው፤ ሲግሉ የሚጠፉ፣ ሲበርዱ የሚነሡ ዕቃዎች ናቸው፤ ግማሽ ሰዓት ማረፍ ለሁለቱም መድኃኒት ይመስላል። ልዩነቱን የሚያውቁት እዚያው መንገድ ላይ ነው። መኪናዋ ስትጠፋ ቁልፉን አብርተው ፓምፑን ለመስማት አይሞክሩ፤ የዚህ ዘመን ብዙ ቶዮታዎች ፓምፑን የሚያሠሩት ሞተሩ ሲዞር ብቻ ነው፤ ዝም ማለቱ ሞቷል ማለት አይደለም። ኮፈኑ ሥር የመመርመሪያ ሳጥን ካለ፣ ክዳኑ ውስጥ ቢ ፕላስና ኤፍፒ የሚሉ ፊደላት ያሏቸው ሁለት ቀዳዳዎች ይገኛሉ። ሁለቱን በአጭር ሽቦ አገናኝተው ቁልፉን ሲያበሩ ፓምፑ ይሠራል። ሽቦው ሌላ ቀዳዳ እንዳይነካ ጥንቃቄ ይደረግ፤ እጁ ያልፈታ ሰው ለመካኒክ ይተወው። የመመለሻውን የጎማ ቱቦ በጣቶችዎ ሲይዙት የሚፈስ ነገር ከተሰማዎት፣ መኪናዋ ግን አልነሣ ካለች፣ ጥፋተኛው ፓምፑ አይደለም፤ የካንዴላውን ብልጭታ ያስመርምሩ።

እርጥብ ጨርቅ ስለማልበስ የሚሰጠውን ምክርም ሰምተው ይሆናል። በካርቡሬተር በሚሠራው በድሮው ኮሮላ ዲኤክስ ላይ ይሠራል፤ እውነቴን ነው። የዚያ ፓምፕ ሞተሩ ጎን ላይ ተሰክቶ ከሩቅ ስለሚስብ ሞተሩ ሲያግለው ቤንዚኑ እዚያው ይተናል፤ የጨርቁ ውኃ ሲደርቅ ያቀዘቅዘዋል። የእርስዎ ፓምፕ ግን ኋላ ታንክ ውስጥ ነው፤ ኮፈኑን ከፍተው ጨርቅ ቢያለብሱ የሚያቀዘቅዙት ራስዎን ነው። ይልቅስ ከሥር ይመልከቱ። በማርሚታውና በታንኩ መካከል የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ መኖር አለበት። ሲንኳኳ አስቸገረኝ ብሎ አውልቆ የጣለው ሰው ብዙ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ታንኩ ምድጃ አጠገብ ነው የሚውለው።

እንግዲህ በእርስዎ ቦታ ብሆን ቅደም ተከተሌ ይህ ነው። ዛሬ ክዳኑን እፈትሻለሁ፣ ቆርቆሮውን አያለሁ። በዚህ ሳምንት ግማሽ ታንክ ሞልቼ ቀትር ላይ አዳምጣለሁ። ከለዘበ ወንፊቱንና ፊልትሮውን አስቀይራለሁ፤ ሲከፈት ጎሚኒውንና አጭሯን ቱቦ አያለሁ። ከዚያ በኋላ በሙቅ ሰዓት ግፊቱ ካልሞላ፣ ቮልቱም ደህና ከሆነ፣ ያን ጊዜ ፓምፑ ይቀየር፤ ያን ጊዜ መካኒኩ ትክክል ነው። ለወራት ትነት ሲጠጣ የኖረ ፓምፕ ውስጡ ተበልቶ ሊሆን ይችላልና ይህም የማይሆን ነገር አይደለም። ማሸጊያው ላይ የታወቀ ስም የተጻፈበት ሁሉ እውነተኛ አይደለም። በእጅዎ ሲይዙት ከአሮጌው እጅግ የቀለለ፣ ጽሑፉ በጥፍር የሚፋቅ ከሆነ ይመልሱት።

ታንኩ ሲከፈት ቦታው ደጅ ይሁን፤ መኪናው ጉድጓድ ላይ እንዳይቆም፣ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ እዚያ ይተኛል። የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀል። ከዚያ በፊት የፓምፑ ፊውዝ ወይም ሪሌ ተነቅሎ ሞተሩ እስኪጠፋ ይሥራ፤ ቱቦው ውስጥ የታመቀው ግፊት ዓይን ላይ እንዳይረጭ። አጠገብ የሚበየድ ነገር ካለ ሥራው ለነገ ይደር።

ወንፊቱ ሲወጣ እዚያው ይቁሙ። ሻይ ልጠጣ ብለው አይሂዱ። አሮጌውን በነጭ ሰሐን ላይ አስቀምጠው በንጹሕ ቤንዚን ያጥቡት፤ የወጣውን ፎቶ አንሥተው፣ ቀትር ላይ ከተነበበው የግፊት ቁጥር ጋር ይላኩልኝ። ቀይ አፈር ከሆነ ቤንዚኑን ከየት እንደሚቀዱ እንነጋገራለን፤ ዝገት ከሆነ ስለ ታንኩ።